በአንጥረኛው ማኅደር ውስጥ ስለተገኙት ዘጠኝ የአሜሪካ የብር ዶላሮች የተሰጠ ቃል

የምስክሩ ስም፦ አምሐ ሽብሩ
ዕድሜ፦ 24
የትውልድ ቦታ፦ ናዝሬት
ሥራ፦ በፋብሪካ የፕላን ክፍል ጀማሪ ባለሙያ
አድራሻ፦ ባሕር ዳር ከተማ፣ በወይዘሮ የሺመቤት ግቢ ተከራይ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሰኞ ኅዳር 27 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 2፡30 ሰዓት ጀምሮ
መርማሪ፦ የመቶ አለቃ አስማማው ፈንቴ
ማስታወሻ፦ የምርመራ ጸሐፊው ለሥራ ወደ መራዊ ስለሄደና ምስክሩ የተማረ ስለሆነ፣ መርማሪው ባለበት ቃሉን በገዛ እጁ እንዲጽፍ ተፈቅዶለታል።

የማውቀውን ሳልጨምርና ሳልቀንስ ለመናገር ቃል ገብቼ የሚከተለውን እጽፋለሁ።

ዛሬ ወደ ጣቢያው የመጣሁት መጥሪያ ደርሶኝ አይደለም፤ በራሴ እግር ነው። በቅዳሜው ፍተሻ ከአንጥረኛው ከአቶ ቢያዝን ውብነህ ቤት የተያዙት የአሜሪካ የብር ዶላሮች ስምንት ናቸው። ዘጠነኛዋ እኔ ዘንድ ነበረች። በመሐረብ ጠቅልዬ አምጥቼ በመቶ አለቃው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫታለሁ። አቶ ቢያዝን የተጠረጠሩት የውጭ አገር ገንዘብ ያለ ፈቃድ በመያዝና ለመሸጥ በማዘጋጀት መሆኑን ሰምቻለሁ። የተያዙት በእኔ አፍ ምክንያት ነው። እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳለሁ።

በኤኮኖሚክስ ተመርቄ ወደ ባሕር ዳር የተመደብሁት በመስከረም ወር 1974 ዓ.ም. ነው። ደስ ብሎኝ ነው የመጣሁት። በሦስት ዓመት ውስጥ የክፍሉን አሠራር እለውጣለሁ ብዬ ነበር፤ አሁንም አሳቤ ያው ነው። ነገር ግን ከሥራ ስወጣ የማውቀው ሰው አልነበረኝም። እሑድ እሑድ ከዘንባባዎቹ ሥር ተነስቼ ሐይቁን ይዤ እስከ ታንኳ መቆሚያው እሄዳለሁ፤ ከዚያ እመለሳለሁ። ከቤት አከራዬ ጋር ከምንለዋወጠው ሰላምታ በቀር ቃል ከአፌ ሳይወጣ የሚመሽበት እሑድ ብዙ ነበር። ይህ ለጉዳዩ ያስፈልግ እንደሆነ የመቶ አለቃውን ጠይቄ፣ «ከመሰለህ ጻፈው፤ ወረቀቱ የመንግሥት ነው» ብለውኛል።

እሑድ ጥር 16 ቀን 1974 ዓ.ም. ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ በታንኳ መቆሚያው በኩል ሳልፍ፣ በራቸው ላይ ተቀምጠው የነበሩ ሽማግሌ፣ «አንተ ባለ መነጽር! የፈረንጅ ጽሕፈት ታነባለህ?» አሉኝ። አነባለሁ አልሁ። «እንግዲያ ምን ያንከራትትሃል? ና ቁጭ በል» አሉኝ። እኒህ ሰው አቶ ቢያዝን ናቸው። ከጓዳ የዳዊት ማኅደር፣ ማለትም የጸሎት መጽሐፍ የሚቀመጥበትን የቆዳ ከረጢት ይዘው ወጡ። መጽሐፍ አልነበረበትም። በጨርቅ የተጠቀለሉ ዘጠኝ የብር ዶላሮችን አውጥተው በጉልበታቸው ላይ ደረደሩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ይዘዋቸው ምን እንደሚሉ አያውቁም ነበር። «ለቄሶቹ ባሳያቸው የግዕዝ አይደለም አሉኝ። ለአስተማሪዎቹ እንዳላሳይ ቤቴ አይመጡም» አሉኝ። አስተማሪዎቹ ብቻ ሳይሆኑ ሌላውም ሰው አንጥረኛ ነው ዓይኑ ያስፈራል እያለ እቤታቸው እንደማይቀመጥ ያወቅሁት ኋላ ነው።

አነበብሁላቸው። ሰባቱ የሴት ራስ ያለባቸው፣ በጀርባቸው ንስር ያለባቸው፣ በፈረንጅ ከ1879 እስከ 1889 የተሠሩ ናቸው። አንዱ ከዚያ በፊት በ1871 የተሠራ ነው። ዘጠነኛዋ፣ ዛሬ ያመጣኋት፣ 1875 የሚል አለባት። በላይዋ ላይ አንዲት ሴት በዕቃ ጭነት ላይ ተቀምጣ ፊቷን ወደ ባሕር አድርጋ ቅጠል የያዘ እጇን ትዘረጋለች። በጀርባዋ «የንግድ ዶላር፣ 420 ግሬን፣ ከሺህ 900 ንጹሕ» የሚል ተጽፏል። የብሩ ንጽሕና በራሱ ላይ መጻፉን ስነግራቸው አቶ ቢያዝን ሳቁ። «ከጠገራ እንደምትበልጥማ መፈተኛ ድንጋዬ ነግሮኛል። አሜሪካ ለምን ደከመች?» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሑድ እሑድ እየሄድሁ እቀመጥ ነበር። ዶላሮቹ እንዴት እንደተሰበሰቡ ከራሳቸው አንደበት የሰማሁትን በሃያ ሁለት ገጽ ደብተር ጽፌአለሁ። ደብተሩን ለመርማሪው አስረክቤአለሁ። ባጭሩ እንዲህ ነው።

አቶ ቢያዝን ለሐይቁ ገዳማትና ለከተማው አብያተ ክርስቲያናት የእጅ መስቀልና ጸናጽል ሲሠሩ ኖረዋል። ብሩን የሚያመጣው ባለ ስእለቱ ነው፤ አንጥረኛው ያቀልጠዋል። ጠገራ በ1937 ዓ.ም. ገንዘብነቱ ሲቀር ሰዉ ያለውን እያመጣ መስቀል አሠራ። «ገንዘብ ሲሞት ወደ እኔ ይመጣል» ይላሉ። ከጠገራው መካከል አንዳንድ ጊዜ ባዕድ ብር ይገኛል። አንዳንዱ በምፅዋ በኩል ነጋዴ ያመጣው ነው፤ አንዳንዱ የዓባይን መውጫ ሊያጠኑ የመጡ አሜሪካኖች ትተውት የሄዱት ነው ይባላል፤ ይህን አላረጋገጥሁም። የገበያ ሰው ጠገራ ሲቀበል በላዩ የተሳለችውን ንግሥት የጌጥ ዶቃ በጣቱ እየቆጠረ ነው። ዶቃው ካልሞላ አይቀበልም። ስለዚህ እነዚህ ከጠገራ የሚበልጡ ብሮች ሆነው ሳለ መራዊ ገበያ ቢወጡ፣ መሸንቲ ቢወርዱ የሚወስዳቸው ጠፍቶ ከስእለት ጋር አንጥረኛው እጅ ገቡ።

የስእለት ብር ከእሳት አይቀርም፤ አንጥረኛው ለራሱ ካስቀረ ስእለት በላ ይባላል። አቶ ቢያዝን ግን እነዚህን ዘጠኙን ማቅለጥ አልሆነላቸውም። ምን እንዳደረጉ ስጠይቃቸው፣ «በእያንዳንዷ ፈንታ ከራሴ ድካም አንድ ጠገራ አስገባሁ፤ ጠገራው ደረቅ፣ ንጹሕ ብሩ ያነሰ ስለሆነ በላዩ ቁራጭ ጨመርሁበት» አሉኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሒሳቡን በእርሳስ ሠራሁት። የንግድ ዶላሯ ንጹሕ ብር ሃያ አራት ግራም ከግማሽ ይሆናል፤ የአንድ ጠገራ ንጹሕ ብር ሃያ ሦስት ግራም ከአራት አሥረኛ ነው። የጎደለው በትክክል ቁራጭ ነው። ሒሳብ ያልተማረ እጅ ስእለቱን አላጎደለም። ይህን በሚቀጥለው እሑድ ስነግራቸው፣ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያን ቁራጭ አንሼ ይሆን እያልሁ እሰጋ ነበር። አንተ ልጅ፣ ዛሬ ገና ተኛሁ በል» አሉኝ።

ለምን እንዳላቀለጧት ስለ ዘጠነኛዋ ስጠይቃቸው፣ «ብቻዋን ተቀምጣ እጇን ትዘረጋለች፤ ማንም አልተቀበላትም። እንዴት አድርጌ እሳት እጨምራታለሁ?» አሉ። ባለቤታቸው ካረፉ አሥራ አንድ ዓመት መሆኑን የነገሩኝም ያን ዕለት ነው። ልጅ የላቸውም።

እኔም የማውቀውን እነግራቸው ነበር። የማውቀው ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ካነበብሁት የገንዘብ ታሪክ መጽሐፍና አዲስ አበባ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ከገዛሁት፣ ሽፋኑ ከተገነጠለ የብር ዶላሮች ዋጋ መዘርዝር ነው። አሜሪካ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሁለት መቶ ሰባ ሚሊዮን የብር ዶላር አቅልጣ ብሩን በብዛት ወደ ሕንድ እንደላከች ስነግራቸው፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው፣ «እኔ ደግሞ ራሴን አንጥረኛ እል ነበር!» አሉ።

ቤት አከራዬ ወይዘሮ የሺመቤት ወዴት እንደምሄድ ስታውቅ፣ «ከዚያ ቤት ምን ትለቃቅማለህ? የበላኸውን ያይብሃል» አለችኝ። ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ግን የምጠጣበት ብርጭቆ ለብቻው ተለይቶ በመስኮቱ ደፍ ላይ ይቀመጥ ጀመር።

አሁን ወደ ጥፋቴ እመጣለሁ። ሐሙስ ኅዳር 23 ቀን 1975 ዓ.ም. ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በፋብሪካው የውይይት ክበብ ንግግር እንዳደርግ ተመደብሁ። ርእሱ የካፒታሊዝም የገንዘብ ቀውስ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተናግሬ ሰዉ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ስለዚህ እሑድ ኅዳር 19 ቀን ዘጠነኛዋን እንዲያውሱኝ አቶ ቢያዝንን ለመንኋቸው። «ለትምህርት ከሆነ ውሰዳት። እሑድ ግን ትመለስ፤ ውጭ አድራ አታውቅም» ብለው ሰጡኝ።

በአዳራሹ አርባ ያህል ሠራተኛ ነበር። ዶላሯን ከእጅ ወደ እጅ አሳለፍሁ። ከፈተል ክፍል ውዴ የምትባል ሠራተኛ አገላብጣ አየችና፣ «ኧረ ይቺ ሴትዮ ሻንጣዋ ላይ ቁጭ ብላ የመራዊ አውቶቡስ የምትጠብቅ ናት! እጇን ዘርግታ አላቆም አሏት» አለች። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እኔም ደስ አለኝ። የንግድ ዶላር ለቻይና ንግድ እንደተሠራ፣ በፈረንጅ በ1876 በሕግ የገንዘብነት መብቷ እንደተነሣ፣ አንዳንድ የፋብሪካ ባለቤቶች ከገበያ በርካሽ እየገዙ ለሠራተኞቻቸው በሙሉ ዋጋ ደመወዝ አድርገው እንደከፈሉ አስረዳሁ። በዚህ ጊዜ የተኛ ሰው አልነበረም። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። «ይህች አንዲት ዶላር ውጭ አገር ብትሸጥ ቤት ትሠራለች» አልሁ።

ይህ ውሸት ነው። መዘርዝሩ እንደዚያ አይልም። በላይዋ ላይ የቻይና ነጋዴዎች የመቱት ሁለት ማኅተም አለ፤ መዘርዝሩ እንዲህ ያለ ምልክት ዋጋዋን ይቀንሳል ነው የሚለው። እኔ ሰዉ እንዲያዳምጠኝ ብዬ ጨመርሁ። የክበቡ ሊቀ መንበር ጓድ አዘዘ፣ «ጓድ አምሐ፣ ይህ ነገር ከየት ተገኘ?» ሲለኝ፣ በደስታ፣ «እዚሁ ከተማችን ታንኳ መቆሚያው አጠገብ ያሉ አንድ አንጥረኛ ዘጠኝ አላቸው» ብዬ መለስሁ። ጓድ አዘዘን አልወቅስም፤ የሰማውን ነው ያመለከተው። ስምና ቦታ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ኅዳር 25 ቀን ቤታቸው ተፈተሸ። እኔ አልሰማሁም። እሑድ እንደ ልማዴ ዶላሯን ይዤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ስደርስ በሩ ታሽጎ አገኘሁት። በደረጃው ላይ ተቀምጬ እስከ 7 ሰዓት ቆየሁ። ታንኳ ቀዛፊዎች ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል እያወረዱ ያልፉ ነበር፤ የጠየቀኝ የለም። ቤት ስመለስ ወይዘሮ የሺመቤት ሰምታ ኖሮ፣ «ተያዙልህ አሉ። ስንት ነው አሉ የተገኘው? ስምንት?» አለችኝ። ስምንት መባሉን ስሰማ አቶ ቢያዝን ዘጠነኛዋ የት እንዳለች አለመናገራቸው ገባኝ።

የመቶ አለቃው የሚከተለውን ጠይቀውኛል።

ጥያቄ፦ እነዚህ ገንዘብ ናቸው ወይስ አይደሉም?

መልስ፦ ሁሉም አይደሉም ብል ለአቶ ቢያዝን የሚሻል ይመስለኛል፤ ማንም ሊያጣራው አይችልም። ግን እውነቱ እንደዚያ አይደለም። ባነበብሁት መሠረት ስምንቱን አሜሪካ ከገንዘብነት አልሻረቻቸውም። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዶላር ናቸው። በባንክ ሒሳብ በሁለት ብር ከሰባት ሳንቲም ሲባዙ አሥራ ስድስት ብር ከሃምሳ ስድስት ሳንቲም ይሆናሉ። ዘጠነኛዋ ግን በገዛ አገሯ ሕግ የተሻረች ናት። በ1887 መንግሥት የንግድ ዶላሮችን መልሶ ሲለውጥ እንኳ ማኅተም የተመታባቸውን አልቀበልም ብሏል። እሷን ገንዘብ የሚላት አገር አላውቅም።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለውን ሕግ ያወጣው ማን ነው? መቼ?

መልስ፦ የብር ዶላርን ነገር ያናወጠው የ1873 ሕግ ነው። ከዚያ በፊት ማንም ሰው ብሩን ወስዶ ዶላር ማስመታት ይችል ነበር። ሕጉ ያን አስቀረ። ገበሬዎችና የማዕድን ሰዎች ኋላ «የሰባ ሦስቱ ወንጀል» ብለው ጠሩት።

(የመቶ አለቃው እዚህ ላይ ብዕራቸውን አንስተው፣ «ወንጀሉን የፈጸመው ተይዟል?» አሉኝ። ሕግ አውጪዎቹ ናቸው ብዬ መለስሁ። «እንግዲያ እሱ ፋይል አይከፈትበትም» አሉ።)

ጥያቄ፦ ልትሸጥላቸው ተስማምታችሁ ነበር?

መልስ፦ አልነበረም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ስለ መሸጥ አንድ ቃል አልሰማሁም። ሠላሳ ዓመት የያዘ ሰው ለመሸጥ ቢፈልግ እኔን አይጠብቅም።

ከረፋዱ 5፡40 ሰዓት ላይ የመቶ አለቃው ፊት ለፊት ለማገናኘት አቶ ቢያዝንን አስመጡ። ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ጫማቸው ክሩ ተፈትቶ ገቡ። ተነሥቼ ቆምሁ። ዘጠኙ ዶላሮች በጠረጴዛው ላይ ተደርድረው ነበር። የመቶ አለቃው፣ «ይህን ልጅ ያውቁታል?» አሏቸው።

አቶ ቢያዝን አተኩረው አዩኝ። «አላውቃቸውም» አሉ።

«ዘጠነኛዋን ያመጣው እሱ ነው።»

«ዘጠኙም የኔ ናቸው። አንዷ ጠፍታብኝ ነበር፤ እሳቸው አግኝተዋት ይሆናል» አሉና ወደ እኔ ዞረው፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታው። ሰው ያገኘውን በማይመልስበት ዘመን ደግ ሰው ነዎት» አሉኝ። አንድ ዓመት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ አንተ ሲሉኝ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ጋሼ ቢያዝን፣ እኔ እኮ ነኝ፤ አምሐ» አልኋቸው።

«ስምዎ መልካም ነው» አሉኝ።

የመቶ አለቃው ደብተሩን አሳይተው የማን ቃል እንደሆነ ጠየቋቸው። «እኔ ማንበብ አልችል፤ ምን እንዳለበት በምን አውቃለሁ?» ብለው መለሱ። ወደ እኔ ሳይመለከቱ ከአጃቢው ጋር ወጡ።

ከወጡ በኋላ የመቶ አለቃው በሩን ዘግተው የነገሩኝን እንድጽፈው ስጠይቃቸው ፈቅደውልኛል። እንዲህ አሉኝ፤ «ሰውየው መንገድ ከፍተውልሃል። 'ዶላሯን መንገድ ላይ አግኝቼ አስረከብሁ' ብለህ በአንድ መስመር ጻፍና ወደ ሥራህ ሂድ። ይህኛውን እቀደዋለሁ። ይህኛውን ከፈረምህ ግን ከእሳቸው ጋር አንድ መዝገብ ላይ ልትገባ ትችላለህ። ገና ልጅ ነህ።» አንድ ባዶ ወረቀት ሰጡኝና ወደ ውጭ ወጡ።

ሩብ ሰዓት ያህል ተቀመጥሁ። አልፈራሁም ብል ሐሰት ይሆናል። እናቴ ናዝሬት ናት፤ ደመወዜን ሳይሆን ደብዳቤዬን ነው የምትጠብቀው። ነገር ግን አቶ ቢያዝንን የማላውቃቸው ከሆነ ስለ ስእለቱ፣ ስለ ተተካው ጠገራ፣ በላዩ ስለተጨመረው ቁራጭ የጻፍሁት ሁሉ ወሬ ይሆናል። ያን ጊዜ እሳቸው የሚቀሩት በማኅደር ውስጥ ዶላር ደብቀው የተገኙ ሰው ሆነው ነው። የሚያስረዳላቸው ሌላ ሰው የለም። ስለዚህ የመቶ አለቃው ሲመለሱ ባዶውን ወረቀት ባዶውን መልሼላቸዋለሁ። ተቀብለው መሳቢያቸው ውስጥ አስገቡት።

መርማሪው ሌላ የምጨምረው እንዳለ ጠይቀውኝ የሚከተለውን እጨምራለሁ። በሐሙሱ ንግግር ስለ ዋጋዋ የተናገርሁትን በአዳራሹ በነበሩት ሰዎች ፊት ቆሜ ለማረም ዝግጁ ነኝ። ዶላሮቹ ለመንግሥት የሚገቡ ከሆነም እንዳይቀልጡ አመለክታለሁ፤ ከእሳት የዳኑት በአንድ ሰው ድካም ነውና።

ይህን አምስት ገጽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መልሼ አንብቤዋለሁ። ያስገደደኝ የለም፤ የጻፍሁት እውነት ነው። በውስጡ አንድ ሐሰት አለ፤ እሱም አቶ ቢያዝን ውብነህ «አላውቃቸውም» ያሉት ነው። ይህንም ያሉት ለእኔ ሲሉ ስለሆነ በሐሰት ቃል እንዳይጠየቁበት እለምናለሁ። ያውቁኛል። በዚህ ከተማ የሚያውቀኝን ሰው ጥራ ብባል ከእሳቸው ሌላ የምጠራው የለኝም።

የምስክሩ ፊርማ፦ አምሐ ሽብሩ
የመርማሪው ፊርማ፦ የመቶ አለቃ አስማማው ፈንቴ
ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ ከቀኑ 6፡50